አዲሱ ሞዴል እስኪመጣ ልጠብቅ? የአጎቴ መኪና እና የአራት ወር ሒሳብ

ማክሰኞ ማታ አጎቴ ደወሉ። ወትሮ ሲደውሉ መጀመሪያ የእናቴን ጤና፣ ቀጥሎ የሥራዬን ነገር ነው የሚጠይቁት። ያን ቀን ግን ሰላምታውን በቅጡ ሳይጨርሱ «አንተ ልጅ፣ ኢኮኖሚክስ ተምሬያለሁ ትላለህ አይደል? እስቲ ዛሬ ጥቀመኝ» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አጎቴ የራይድ ሹፌር ናቸው። ለዓመታት የሠሩባትን ቪትዝ ሸጠው፣ የእቁብ ብራቸውን ጨምረው፣ ለአንዲት ትንሽ የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና 1 ሚሊዮን ብር ቀብድ ከፍለዋል። ቀሪውን 1.9 ሚሊዮን ብር መኪናዋ ስትገባ ከቁጠባና ብድር ማኅበራቸው ተበድረው ሊከፍሉ ነው ዕቅዱ። በአምስት ሳምንት ውስጥ አዲስ አበባ ትገባለች ተብለው ነበር።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ግን ከአስመጪው ቢሮ አንድ ልጅ ደወለላቸው። «ጋሼ፣ ይቺን ከሚወስዱ ትንሽ ቢታገሡ ይሻልዎታል። ከዚህኛው ጭነት አራት ወር ዘግይቶ አዲሱ ሞዴል ይገባል። ባትሪው ትልቅ፣ ስክሪኑ ትልቅ፣ ካሜራው ዙሪያውን የሚያሳይ። የሚጨምሩት 200 ሺህ ብር ብቻ ነው።»

«እና ልጠብቅ ወይስ ልውሰድ?» አሉኝ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ አፌ ላይ የመጣው መልስ «ይጠብቁ» የሚል ነበር። ስልክ ስንገዛ እንደዚያ አይደል የምናደርገው? ቀጣዩ ሞዴል በሁለት ወር ይወጣል ከተባለ አሮጌውን የሚገዛ ሞኝ ነው እንላለን። ደግነቱ ምላሴን ያዝ አደረግሁና «እስከ ነገ ጊዜ ይስጡኝ ጋሼ» አልኳቸው። ያን ሌሊት ኤክሴል ከፍቼ ስሠራ ያገኘሁትን ነው ዛሬ የማካፍላችሁ። ምክንያቱም ይህ ጥያቄ የአጎቴ ብቻ አይደለም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ አዲስ መኪና አስመጥቶ መግዛት የሚፈልግ ሰው ምርጫው ኤሌክትሪክ ሆኗል። ኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ እንደ ድሮው ኮሮላ አይደለም፤ እንደ ስልክ በየዓመቱ ይለዋወጣል።

የጠበቀ ሁልጊዜ ያተርፋል?

ለመጠበቅ የሚያበቃ ምክንያት መኖሩን መካድ አይቻልም። የኤሌክትሪክ መኪና ውድ አካል ባትሪው ነው፤ እሱ ደግሞ እየረከሰ ነው። ብሉምበርግ ኤንኢኤፍ የተባለው የጥናት ተቋም እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2010 አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ከ1,000 ዶላር በላይ ነበር። በ2024 በአማካይ 115 ዶላር ደርሷል።

ቸኩለው የገዙ ሰዎች ሲቃጠሉም አይተናል። እ.ኤ.አ. በጥር 2023 ቴስላ አሜሪካ ውስጥ የሞዴል ዋይ ሎንግ ሬንጅን ዋጋ ከ65,990 ወደ 52,990 ዶላር አወረደው። 13 ሺህ ዶላር በአንድ ጀምበር! በዚያው ወር ቻይና ውስጥ ዋጋው ከመውረዱ በፊት የገዙ ደንበኞች የቴስላን ማሳያ ክፍሎች አጨናንቀው ተቃውሞ አሰምተዋል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 ደግሞ ቢዋይዲ «የእግዚአብሔር ዓይን» ብሎ የሰየመውን ሹፌርን የሚያግዝ ቴክኖሎጂ ትንሿን ሲጋልን ጨምሮ በብዙ ሞዴሎቹ ላይ ዋጋ ሳይጨምር እንደሚገጥም አስታወቀ። ከዚያ በፊት በነበረው ወር የገዛ ሰው ምን እንደሚሰማው አስቡት።

ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ይህ ነገር ማብቂያ የለውም። ዛሬ አራት ወር ብትጠብቁ፣ ከአራት ወር በኋላም «ቀጣዩ ሊመጣ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። ስለዚህ «አዲሷ ትሻላለች ወይ?» ብሎ መጠየቅ ዋጋ የለውም፤ መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ነው። መጠየቅ ያለበት «የተሻለው ነገር እኔ በየቀኑ ለምሠራው ሥራ ይጠቅመኛል? እስኪመጣስ በወር ስንት እከፍላለሁ?» ተብሎ ነው።

በኋላ የሚጨመርና የማይጨመር

መጀመሪያ አዲሷ መኪና አላት የተባለውን ሁሉ ዘርዝሬ ለሁለት ከፈልኩት።

አንደኛው ክፍል በኋላ ሊጨመር የሚችለው ነው። የኋላና የጎን ካሜራ መርካቶም ይገጠማል። የወንበር ልብስ፣ የስልክ መያዣ፣ የቤት ቻርጀር ሁሉም በኋላ ይገዛሉ። ትልቅ ስክሪንም ቢሆን የራይድ ሹፌር ካርታውንም ጥሪውንም የሚያየው ስልኩ ላይ ነው። ደግሞ ለቻይና ገበያ ተሠርተው በሚገቡ መኪኖች ላይ የስክሪኑ ቋንቋም ካርታውም የቻይና ሆኖ ሊመጣ ይችላል። እንግዲህ ለማይነበብ ስክሪን አራት ወር አይጠበቅም።

ሁለተኛው ክፍል ፋብሪካ ውስጥ ካልተሠራ በኋላ የማይጨመረው ነው። የባትሪው መጠን፣ የባትሪው ማቀዝቀዣ፣ የቻርጅ ማድረጊያው ሶኬት ዓይነት፣ ኤር ባግ፣ የቦዲው ጥንካሬ እዚህ ውስጥ ይገባሉ። በተለይ ሶኬቱን ችላ አትበሉ። ለቻይና ገበያ የተሠሩት ጂቢ/ቲ የሚባለውን፣ ለሌላ አገር የተሠሩት ብዙዎቹ ሲሲኤስ 2 የሚባለውን ሶኬት ይዘው ይመጣሉ። አዳፕተር ቢኖርም ተጨማሪ ወጪና ተጨማሪ ጣጣ ነው። መጠበቅ ካለብን እንዲህ ላለው ነገር ነው።

በአጎቴ ጉዳይ ሶኬቱ በሁለቱም አንድ ዓይነት ነበር። ከማይጨመሩት ውስጥ የተለየው ባትሪው ብቻ ሆኖ ተገኘ። የአሁኗ 30 ኪሎ ዋት ሰዓት፣ አዲሷ 39።

ዘጠኝ ኪሎ ዋት ሰዓት ለማን?

የአሁኗ መኪና ወረቀት በአንድ ቻርጅ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ትሄዳለች ይላል። ይህ ሲኤልቲሲ በሚባለው የቻይና መለኪያ የተገኘ ቁጥር ነው፤ እሱ ደግሞ ለጋስ ነው። ስለዚህ በራሴ አሰላሁት። ትንሽ ኤሌክትሪክ መኪና ከተማ ውስጥ በ100 ኪሎ ሜትር 11 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ትበላለች ብለን እንያዝ። ማንም ባትሪውን እስከ ዜሮ ስለማይጨርስ 80 በመቶውን ብቻ እንጠቀም፤ 24 ኪሎ ዋት ሰዓት ማለት ነው። ይህ ወደ 218 ኪሎ ሜትር ይወስዳል።

አጎቴ ሥራ በሞላበት ቀን የሚነዱት 150 ኪሎ ሜትር ነው። ባትሪው ከዓመታት በኋላ አርጅቶ አቅሙ በአምስት አንድ እጅ ቢቀንስ እንኳን 174 ኪሎ ሜትር ይቀራቸዋል። የአዲስ አበባ አየር ደግሞ ባትሪ የሚወደው ዓይነት ነው፤ እንደ ዱባይ አይጠብስም፣ እንደ ኖርዌይ አያደርቅም። ከእንጦጦ ሲወርዱ ሞተሩ ራሱ ኤሌክትሪክ እያመነጨ ወደ ባትሪው የተወሰነውን ይመልሳል።

ማታ ደግሞ ከተራ ሶኬት 2 ኪሎ ዋት ገደማ ስበው አሥር ሰዓት ቢሰኩ 20 ኪሎ ዋት ሰዓት ይገባል፤ ለማግሥቱ ሥራ ይበቃል። መብራት ጠፍቶ ቢያድርስ? ለዚያ ፈጣን ቻርጅ ማድረጊያዎች አሉ፤ ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. ከቦሌ ወደ መገናኛ በሚወስደው መስመር የከፈተው አንዱ ነው። ሰልፍና ዋጋ ቢኖረውም ሥራ አያስቀርም።

«ደብረ ብርሃንስ?» አሉኝ አጎቴ በማግሥቱ ይህን ሳስረዳቸው። እናታቸው፣ የእኔ አያት፣ እዚያ ናቸው። መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ዳገትም አለው። ከከተማ የበለጠ ብትበላ፣ በ100 ኪሎ ሜትር 14 ብንል፣ 18 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል። ትደርሳለች። ያን ሌሊት አያቴ ቤት ተሰክታ ታድራለች፤ በማግሥቱ ቁልቁል ትመለሳለች። በዓመት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ለሚሆን ጉዞ ይህ በቂ ነው።

የአራት ወር ዋጋ

አሁን ወደ ወጪው። ኢኮኖሚክስ ክፍል ውስጥ መጀመሪያ ከሚያስተምሩን ነገሮች አንዱ ኦፖርቹኒቲ ኮስት ነው። አንዱን በመምረጥህ ከእጅህ የሚያመልጠው የሌላው ጥቅም ማለት ነው። ፈተና ላይ እንጽፈዋለን፤ ኑሮ ላይ እንረሳዋለን።

አጎቴ ቪትዟን ሸጠዋል። መኪና በሌላቸው ወር ገቢ የላቸውም። ቻርጅ፣ ሰርቪስና የአፑ ኮሚሽን ተቀንሶ በወር እጃቸው ላይ የሚቀረው 35 ሺህ ብር ገደማ ነው ብለን ያዝን። በአራት ወር 140 ሺህ። ለአዲሷ መኪና የሚጨመረው 200 ሺህ። አስመጪው ጋ የተቀመጠው 1 ሚሊዮን ብር ደግሞ በ7 በመቶ የቁጠባ ወለድ ባንክ ቢቀመጥ በአራት ወር 23 ሺህ ብር ገደማ ይወልድ ነበር። ድምር 363 ሺህ ብር።

«መኪናዋ ዘግይታ ከገባች ዘግይታ ነው የምታረጀው፤ ገቢው ተላለፈ እንጂ አልጠፋም» ብላችሁ ልትሞግቱኝ ትችላላችሁ። በወረቀት ላይ ልክ ናችሁ። ግን የቤት ኪራይና የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ አራት ወር አይተላለፉም። ያን ክፍተት የሚሞላው ሌላ ብድር ነው።

ይህን 363 ሺህ ለተጨማሪው ዘጠኝ ኪሎ ዋት ሰዓት ብናካፍለው እያንዳንዱ 40 ሺህ ብር ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2024 ዓለም ላይ የባትሪ አማካይ ዋጋ 115 ዶላር ነበር አላልንም? አንድ ዶላር በ150 ብር ብናስላው እንኳን 17 ሺህ ብር ገደማ ነው። ማለትም አጎቴ ለማይጠቀሙበት ባትሪ ከእጥፍ በላይ ሊከፍሉ ነበር።

ሌላም አለ፤ ዶላር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ ምን እንደሆነ ሁላችንም እናስታውሳለን። 57 ብር ገደማ የነበረ ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። የአጎቴ ውል ላይ በትንንሽ ፊደል «ቀሪ ክፍያው በርክክቡ ዕለት ምንዛሪ ይስተካከላል» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። ከአዲሷ መኪና ጋር ቀሪው ክፍያ 2.1 ሚሊዮን ብር ይሆናል። ዋጋው በምንዛሪ ምክንያት 5 በመቶ ብቻ ቢጨምር 105 ሺህ ብር ነው። መጠበቅ ማለት ሳያውቁት በዶላር ላይ ቁማር መጫወትም ነው። አሜሪካዊው ሲጠብቅ ዋጋ ሊወርድለት ይችላል። እኛ አገር ፋብሪካው የቀነሰውን ምንዛሪው ሊበላው ይችላል።

ሻጩ ራሱ «ጠብቅ» ካለህ

እዚህ ላይ አንድ ነገር ከነከነኝ። ሻጭ ብዙውን ጊዜ አዲስ ሞዴል እንደሚመጣ መናገር አይፈልግም። ምክንያቱም ከተናገረ ያለውን ማንም አይገዛውም። እ.ኤ.አ. በ1983 ኦዝቦርን የተባለ የአሜሪካ ኮምፒውተር ኩባንያ ሲከስር፣ ቀጣዩን ኮምፒውተር ቀድሞ በማውራቱ ገበያው ቆመበት ተብሎ እስከ ዛሬ በምሳሌነት ይነሳል። ታዲያ ይህ አስመጪ ያለውን መሸጥ ትቶ ለምን «ጠብቁ» ይላል?

ለአጎቴ ሦስት ነገር በጽሑፍ እንዲጠይቁ ነገርኳቸው። የርክክብ ቀን። የማይለወጥ የብር ዋጋ። ቀኑ ካለፈ ቀብዱ በስንት ቀን እንደሚመለስ። እሳቸው አራተኛ ጨመሩ፤ እኔ ኤክሴሌ ላይ ያልነበረ።

«ኤር ባጉስ? ሁለቱ በኤር ባግ ይለያያሉ ወይ በላቸው።»

«ለምን ጋሼ?»

«ሰው ነው የምጭነው። እሱ ከተለየ ሒሳብህን ቅደደው፤ እጠብቃለሁ።»

አፈርኩ። ሌሊቱን ሙሉ ስለ ብርና ኪሎ ሜትር ሳሰላ ከኋላ ወንበር ስለሚቀመጠው ሰው አንድ መስመር አልጻፍኩም ነበር።

አብረን ቢሮው ሄድን። ኤር ባጉ በሁለቱም አንድ ነው፤ አራት። ለቀሪዎቹ ጥያቄዎች የተሰጠን መልስ ግን «ቀኑ በአራት ወር ገደማ ነው፤ ዋጋው በወቅቱ ገበያ ይታያል፤ ስለ ቀብዱ ኃላፊው ሲመጣ እንነጋገራለን» የሚል ሆነ። አጎቴ ዝም ብለው ካዳመጡ በኋላ የቀብድ ደረሰኛቸውን ከኪሳቸው አወጡና ቀኑን አሳዩት። «እኔ በዚህ ቀን ነው የከፈልኩት። ተራዬን ብቻ ንገረኝ።»

ልጁ ትንሽ አመነታ። ከዚያ እውነቱ ወጣ። ከመጀመሪያው ጭነት የሚገቡት መኪኖች ቃል ከተገባላቸው ደንበኞች ቁጥር ያንሳሉ። ስለዚህ ቀብድ ብቻ የከፈሉትን «አዲሱ ሞዴል ይሻልዎታል» እያሉ ወደ ቀጣዩ ጭነት ማስተላለፍ ጀምረው ነበር። አዲሱ ሞዴል ውሸት አልነበረም፤ የሚመጣበትን ትክክለኛ ቀን ግን ማንም አያውቅም። ደረሰኙ ሲታይ አጎቴ ከብዙዎቹ ቀድመው ከፍለዋል። ተራቸው ተከበረ።

ያው ጥያቄ፣ ሌላ መልስ

እንግዲህ «ማንም አይጠብቅ» እያልኩ እንዳይመስላችሁ። በባንክ የምትሠራ አንድ ጓደኛ አለችኝ። አሮጌ ኮሮላዋ ዛሬም ያለ ችግር ትነሳለች። በቀን የምትነዳው 20 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ቀብድ አልከፈለችም፤ ገቢዋ በመኪና ላይ የተመሠረተ አይደለም። የምትፈልገው መኪና አዲሱ ሞዴል ላይ ከፊት ብቻ የነበረው ኤር ባግ የጎንም ተጨምሮበታል። ለእሷ የመጠበቅ ዋጋ የነዳጅና የዶላር ስጋት ብቻ ነው። እየጠበቀች ነው፤ ልክም ናት።

ያው ከተማ፣ ያው ጊዜ፣ ሁለት ተቃራኒ መልስ። ልዩነቱ እያንዳንዱ ወር ከማን ኪስ ስንት ያወጣል የሚለው ነው። እናንተም ነገ እንዲህ ያለ ስልክ ቢደወልላችሁ ስለ መኪናዋ ከማንበባችሁ በፊት አንድ ቁጥር ጻፉ፤ ያለ መኪና የሚያልፍ አንድ ወር ስንት ያስከፍለኛል? ከዚያ የሚጨመረው ነገር በኋላ የሚገጠም ነው ወይስ የማይገጠም? የማይገጠም ከሆነ ለየቀን ሥራዬ ያስፈልገኛል? ቀኑና ዋጋው በወረቀት ላይ አለ? ወረቀት ላይ ያልሰፈረ ቀን፣ ቀን አይደለም። ደረሰኛችሁንም አትጣሉ።

የአጎቴ መኪና በአምስት ሳምንት አልገባችም፤ ዘጠኝ ሳምንት ፈጀች። በዚያ መሀል ከእኔም ከእናቴም ተበድረዋል። አራት ወር ቢጨመርበት ምን ይሆን እንደነበር አላሰላሁም፤ ማስላትም አልፈለግሁም።

አዲሱ ሞዴል በመጨረሻ ገባ፤ ከተባለው ሁለት ወር ዘግይቶ። በቀደም አብረን ስንሄድ አንዷን መንገድ ዳር ቆማ አየናትና አጎቴ ወረዱ። ዞረው ዞረው አዩዋት። ባለቤቱን አስፈቅደው ገብተው ተቀመጡባት፤ ስክሪኑን ነካ ነካ አደረጉ። ተጸጽተው ይሆን ብዬ ፊታቸውን አየሁ።

«ወንበሩ ይመቻል» አሉ።

ይህን እያሉ ስልካቸው ጠራ። ከሃያ ሁለት ወደ ሳሪስ የሚሄድ ተሳፋሪ ነበር። «በል ውረድ፣ አንተ ታክሲ ያዝ» ብለውኝ ሄዱ።